ጥርስ ሠሪው ደንብ ሲያወጣ

ይታወቅ ለጎረቤት! ይታወቅ ለአላፊ አግዳሚ! ይታወቅ በደረጃው ሥር ለምትተኛው ድመት ሳይቀር! ከፋርማሲው በላይ ባለው ፎቅ፣ ቧንቧው ሁሌ ከሚያንጠባጥበው መታጠቢያ ቤት ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ራስ ላይ፣ ሕግ አውጪም ሕግ ተርጓሚም ሕግ አስፈጻሚም የሆኑ አንድ ታላቅ ሰው ነግሠዋል። ግዛታቸው አራት ወንበር ነው። ዘመነ መንግሥታቸው እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይጀምርና አንዱ ተገዢ ቤቱ ሲናፍቀው ያበቃል። ሠራዊት የላቸውም። የምትታዘዛቸው አንዲት ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር ብቻ ናት፤ እሷም ደስ ሲላት ነው።

ክቡርነታቸው በሥራ ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራሉ።

ማዕረጉ እዚህ ላይ ይብቃን። ሰውየው ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ጣቶቹ ላይ ጀሶ የማይጠፋ፣ ዕድሜው ትዳር የመያዣውን ሰዓት አልፎ የመጸጸቻው ላይ ያልደረሰ ወንደላጤ ነው። ከፎቁ ሥር፣ ከፋርማሲው ጓሮ፣ አንዲት ጠባብ የሥራ ክፍል አለችው። ሐኪሙ የበሽተኛውን መንጋጋ ልክ ይልክለታል፤ እሱ ጀሶ ይሞላል፣ ሮዝ ድዱን ያበስላል፣ ነጩን ጥርስ ይደረድራል፣ በሞተር ይሞርዳል፣ ያወለውላል። የሰፈሩ አዛውንት ግማሹ የሚስቀው በእሱ እጅ ሥራ ነው። እሱ ራሱ ግን ሲስቅ ያየ ሰው ካለ እስካሁን አልመሰከረም።

መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ቆሞ ይበላል። ሰው ሲያናግረው መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ቧንቧውን ሄዶ ያጠብቃል፤ ቧንቧውም በተራው ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ሌሎችን አስቀምጦ መግዛት ሲያምረው፣ ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት ይህ ነው።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። በሰፈሩ ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እኛም እንደ ሰው እንላታለን። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። አሳድጋ ስትጨርስ ግን ማደጉን የሚነግረው ሰው ጠፋ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሲስተር ከሩቅ፣ በአውቶቡስ የቀን ሙሉ መንገድ ከሚያስኬድ ከተማ ጥሪ መጥቶላታል። አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል፤ የማዋለጃ ክፍሉን በኃላፊነት እንድትይዝ ይፈልጓታል። ይህን ወንበር የተመኘችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ወይዘሮ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪኝ ብላታለች። ሲስተር ልትሄድ ትፈልጋለች። የታናሽ ወንድም ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ግን ከአፉ አንድ ቃል ካልሰማች ሻንጣ ይዛ መውጣት የሌባ ሥራ ሆኖ ይታያታል። ሂጂም ይበል አትሂጂም፣ ብቻ ይበል!

እሱ ደግሞ አይልም። «ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ስትለው ገና፣ «እትዬ፣ ጀሶው ሊደርቅብኝ ነው!» ብሎ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ይወርዳል። ጀሶ እንዲህ ቶሎ የሚደርቅ ቢሆን ኖሮ የዓለም ቤት ሁሉ በአንድ ጀንበር ተሠርቶ ባለቀ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ፤ ጣጣው የሚፈላው እዚያ ነውና።

ሾፌሩ በሚኒባሱ ወንበር ሥር ተሳፋሪ የረሳው አንድ የጨዋታ መጽሐፍ አገኘ። ግማሹ ገጽ የለም፤ ያለውም በባዕድ ቋንቋ ነው። ለጥርስ ሠሪው ሰጠው። ጥርስ ሠሪው የጎደለውን ከራሱ ሞላ፤ ሙያው ነዋ፣ የሰው አፍ ውስጥ የጎደለ ሲሞላ ነው የኖረው። ጨዋታው ለገባው ቀላል ነው። አንድ የሌለች ከተማ አለች። እያንዳንዱ ሰው በዚያች ከተማ ውስጥ ሚና ይይዛል። ዳኛው ምን እንደደረሰ ይተርካል፤ ተጫዋቹ ሚናው ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ጠጠር ይጣላል። ነጥብ ይሰጣል፤ በነጥብ ሚናው ይበረታል። ጠጠሯን ዳኛው ራሱ ከተረፈው የጥርስ ማቴሪያል ሞርዶ ሠራት፤ ስለዚህ ፍርድ በተሰጠ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ የሚንከባለል ይመስላል።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ሲስተር። ሁለተኛው ሾፌሩ፣ ሕይወትን ሁሉ በማርሽ ስለሚለካ «ማርሽ» የሚባለው፤ ሚስቱ ስትቆጣ «ወደ አራተኛ ገባች» ይላል። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው፤ የጡረታ ሰው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሌላውን ክርክር ሲጽፉ ኖረው አሁን የራሳቸውን መከራከር ያማራቸው።

የመጀመሪያው ደንብ አጭር ነበር፦ ጠላት የገደለ ነጥብ ያገኛል።

ማርሽ ማለት መንገድ ላይ ለድመት ፍሬን የሚይዝ፣ ላረጀች ተሳፋሪ ዘንቢል ተሸክሞ የሚያወርድ፣ ደም ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ በመጀመሪያው እሑድ የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ገደለ። ቀጥሎ በረኛውን። ቀጥሎ፣ ምድረ በዳውን እንዲያሻግራቸው ራሳቸው የቀጠሩትን መንገድ መሪ።

«እሱን ደግሞ ለምን?» አለ ዳኛው ከመስኮቱ አጠገብ ዘሎ እየመጣ። «መሪያችሁ እኮ ነው!»

«ነጥብ አለው አላልክም?»

«ጠላት ነው ያልኩት!»

«ፊቱ ጠላት ይመስላል። ከፈለግክ ጠላት እስኪሆን እጠብቅና እገድለዋለሁ።»

«ክቡር ዳኛ፣» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ደንቡ ላይ ‹ጠላት› ምን ማለት እንደሆነ ትርጓሜ አልተሰጠም። የሟች ቤተሰብ ይግባኝ ማለት ይችላል።»

«ቤተሰብ የለውም! አሁን ነው የፈጠርኩት!»

«እንግዲያው ሳያውቀው የወለደውም ይኖር ይሆናል።»

በምድረ በዳው ውስጥ ያለ መሪ ጠፉ፤ በጥማትም ሊያልቁ ሆነ። ማርሽ ግን በነጥቡ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ሰው ይህን አይቶ ማርሽ ልቡ የተሸሸገ ጨካኝ ነው ሊል ይችላል። ይህን የሚል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የሰውን ጠባይ ለማወቅ የፈለገ፣ ልቡን ከመመርመሩ በፊት ስለ ምን ነጥብ እንደሚሰጡት ይጠይቅ። ለመግደል ነጥብ ስጡት፣ ዶሮ የማያርደው ጀግና ይሆናል። ለማጎብደድ ነጥብ ስጡት፣ ያኔ ደግሞ ቢሮ ከፍታችሁ አስገቡት፤ እዚያማ ምን እንደሚሆን ሁላችን በየመስኮቱ ተሰልፈን አይተነዋል።

ጥርስ ሠሪው ሌላው ቢቀር ይህን ገባው። ገባውና ደንቡን ቀየረ፦ ከእንግዲህ ነጥብ የሚያገኘው ይቅርታ የጠየቀ ነው።

ምን ያለች የተቀደሰች ደንብ! በሚቀጥለው እሑድ ከተማዋ በደለኞች ሞሉባት። ጋሼ ጠዋት የዓይነ ስውሩን ዱላ ይሰርቃሉ፣ ከሰዓት በኋላ እንባ አውጥተው ይመልሳሉ፣ ነጥብ። በማግስቱ ያንኑ ዱላ። ማርሽ የዳቦ ጋጋሪውን ምድጃ በእርግጫ አፍርሶ እግሩ ላይ ይወድቃል፣ ነጥብ። ጋጋሪው በመጨረሻ ምድጃ መሥራቱን ትቶ ይቅርታ መቀበልን ሙያው አደረገ።

«ጋሼ፣» አለ ዳኛው ጸጉሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ዓይነ ስውሩ ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ለዚህ እኮ ነው ይቅርታዬ ከባድ የሆነው።»

ሲስተር በዚያን ቀን ሳቋ አላቋርጥ ብሏት ሻይዋን አፈሰሰች። እሷ በደሉንም አልፈለገችውም፣ ነጥቡንም። ዳኛው የሰጣት ሚና በር ጠባቂነት ነበር፤ የከተማዋን በር የምትጠብቅ አሮጊት። በሚናዋም ላይ አንዲት ደንብ ጨምሮበታል፦ ከበሩ ከራቀች ኃይሏ ይጠፋል። ሌሎቹ ምድር ለምድር ሲዋጉና ይቅር ሲባባሉ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን የሚወጣውን ታነጋግራለች። ደንቡ እግሯን ቢያስራት ምላሷን ፈታላት። ገባ ወጪው ሁሉ ቆሞ ያወራታል፤ ዳኛውም ሳያስበው የነጋዴውን፣ የወታደሩን፣ የሙሽራዋን ድምፅ እያወጣ ይመልስላታል። ቤት ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይቀጥል ሰው እዚያ በር ላይ ሲሆን የሙሽራ እናት ሆኖ ያለቅሳል። ማርሽና ጋሼም አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ።

ታዲያ ለምን እሷን በር ላይ አሰራት? ይህን እሱን ጠይቁት። ጀሶው ካልደረቀበት ይመልስላችኋል።

ከዚያ ወዲህ እረፍት አጣ። የእህቱ ጥሪ ከመጣ ጀምሮ በየሳምንቱ ደንብ ያወጣ ጀመር። ማርሽ ስልክ እያነሳ ስለሚያውክ፦ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው በሚናው እንጂ በራሱ መናገር አይችልም፤ የተናገረ ተራው ያልፋል። ጋሼ ያለቀ ነገር ሁሉ ይግባኝ ስለሚሉበት፦ ጠጠር ከወደቀ በኋላ የተወሰነ ነገር አይነሳም። ደንቦቹን በጥርስ ማሸጊያ ካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። ግድግዳው ሞላ። በዚህ ሁሉ የሚሸሸው አንድ ቃል ከመናገር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ እህቱን ማናገር ፈርቶ ካርቶን ይደበድባል።

አንድ እሑድ ማርሽ የከተማዋን ግምብ ሲጠግን፣ ጋሼ ከድልድዩ ሹም ጋር ሲከራከሩ ቆይተው ተራው ሲስተር ላይ ደረሰ።

«በር ጠባቂዋ ምን ታደርጋለች?» አለ ዳኛው ቆሞ።

ሲስተር እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ከሩቅ ከተማ መልእክተኛ መጥቶባታል» አለች። «እዚያ አዲስ በር ተሠርቷል፤ ጠባቂ የለውም። ነይ ብለዋታል። መሄድ ትፈልጋለች።»

ቧንቧው አንድ ጠብታ ጣለ።

«ደንቡ… ኃይሏ ይጠፋል» አለ ዳኛው።

«ታውቃለች። ለከተማዋ ገዢ እየነገረችው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ምን እንደሚላት መስማት ትፈልጋለች።»

«ሲስተር፣» አለ ማርሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ነገር…»

«በሚናህ ተናገር!» አለው ዳኛው። ማርሽ ተራው አለፈው፤ አፉን ያዘ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡር ዳኛ፣ ተጫዋቿ ከሚና ውጭ የወጣች አይመስልህም?»

«በሚናዬ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ሲስተር ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል። «ደንብ አልጣስኩም። ገዢው ምን ይላታል?»

ዳኛው ወደ መስኮቱ ሄደ። ተመለሰ። ብድግ ያለ ሰው ደግሞ ብድግ ማለት ቢችል ኖሮ ይል ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ አፍታ አፉ ተከፍቶ ነበር ይላል ማርሽ፤ ሊናገር ነው ብዬ ነበር ይላል። ግን እጁ ጠጠሯ ላይ አረፈች። አነሳትና እህቱ መዳፍ ውስጥ አኖራት።

«ጣዪ» አለ። «አምስት ወይም ስድስት ከመጣ ትሄዳለች። ከዚያ በታች ከሆነ ትቀራለች።»

ሲስተር መዳፏን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ እንደ ተሰላቸ ሰው ጠጠሯን ለቀቀቻት። ሁለት።

«ቀረች» አለ ዳኛው፤ ትንፋሹም ከሆዱ ወጣ። ደስታውን ለመሸፈን ወዲያው ወደ ማርሽ ግምብ ዞረ። ሲስተር ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። በር ጠባቂዋ በዚያ ቀን ዳግመኛ አልተናገረችም።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያየኸው ሞኝነት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሞኝነትም አያቅፈው። ይህን ስህተት ሌላ ሰው፣ በጤና የሚውል ሰው፣ አይሠራውም። ሰውየው በእውነት ነገሩ ተወሰነ ብሎ አመነ! በማግስቱ ሥራ ክፍሉ ሲገባ ያፏጭ ነበር። የፋርማሲዋ ልጅ ሞተሩ ተበላሽቶ የሚጮህ መስሏት መጥታ አየች። ደንብ አለ፣ ጠጠር ወድቋል፣ የተወሰነ አይነሳም፤ በቃ። ለስንት ሳምንት እንቅልፍ የነሳውን ነገር አንዲት የፕላስቲክ ጥርስ ገላገለችው።

በሳምንቱ አጋማሽ የሥራ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ስልኳን ስለምትዘጋ ለሥራ አስኪያጇ የሰጠችው የወንድሟን ቁጥር ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሲስተርን ፈልጌ ነበር» አለች ወይዘሮዋ። «የማዋለጃ ክፍሉን ነገር መልስ እንድትሰጠኝ ነበር፤ ሌላ አመልካችም አለችኝ፣ ሰኞ ጠዋት መልስ እሰጣታለሁ፤ እሷን ላስጠብቅ ወይስ…»

«አትመጣም» አለ ጥርስ ሠሪው፤ በአንድ እጁ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የላይኛ መንጋጋ ይዟል።

«እንዴ፣ እርግጠኛ ነዎት? ባለፈው ስናወራ በጣም ፈልጋ ነበር እኮ።»

«ተወስኗል።»

ወይዘሮዋ አመስግና ዘጋች። እሱም መንጋጋውን ማወልወሉን ቀጠለ።

ለእህቱ አልነገራትም። መናገር ያለበት አልመሰለውም፤ እሷ ራሷ የጣለችው ነገር አይደል?

ሲስተር በበኩሏ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ ከርማ ነበር። ከዚህ ሰው አፍ ቃል እንደማይወጣ ገባት። እሑድ ማርሽና ጋሼ መጥተው ወንበር ሲስቡ እሷ አልተቀመጠችም።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች፣ «በሚና አይደለም፣ ተራዬ ቢያልፍም ይለፍ። ነገ ጠዋት ለክሊኒኩ ደውዬ እመጣለሁ ልላቸው ነው። ይህን በእናንተ ፊት የምናገረው ወንድሜ ለብቻዬ ስነግረው ስለሚሸሽ ነው።»

ዳኛው ግራ በተጋባ ሰው ዓይን አያት። «ግን እኮ ደውለው ነበር» አለ። «ነገርኳቸው።»

«ምን ብለህ?»

«እንደማትመጪ። ተወስኗል አልኳት።»

«ማን ወሰነ?»

«አንቺ ነሻ የጣልሽው!»

ማርሽ «ወይ ጉድ!» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ሲስተር አልጮኸችም። ስንት ሴት አምጣ ስትጮህ የሰማች ሰው መጮህ ምን እንደሚጠቅምና እንደማይጠቅም ታውቃለች። ዞራ ሄዳ ከጠረጴዛው ራስ፣ ከዳኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ ወንበር በእሱ ዘመን መቀመጫ አላረፈበትም ማለት ይቻላል፤ ሸራው አዲስ ነው።

«ዛሬ ዳኛዋ እኔ ነኝ» አለች። «አንተ እዚያ ተቀመጥ።»

«ሚናዬ ምንድን ነው?»

«ወንድም።»

«ኃይሉ ስንት ነው?»

«ኃይል የለውም።»

«ነጥብ የሚያገኘው በምን…»

«ነጥብም የለም። ጠጠርም የለም። ያደረግከውን ትነግረኛለህ፣ የምትፈልገውን ትነግረኛለህ፤ ሌላ ደንብ የለም።»

ጥርስ ሠሪው ብድግ አለ። «ቧንቧው…»

«ቁጭ በል፣ አንተ ልጅ!»

ቁጭ አለ። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ጠጠሯን እየፈለጉ ሮጡ፤ ማርሽ ቀድሞ አንስቶ ኪሱ ከቷታል። ግድግዳውን አየ፤ ያን ሁሉ ካርቶን፣ ያን ሁሉ ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ለዚህ የሚሆን አንድም የለም።

«ወንድምየው» ብሎ ጀመረ፣ «እንግዲህ ወንድምየው ወደ እህቱ ቀርቦ እንዲህ ይላታል…»

«ተረት አልጠየቅኩህም። ራስህ በል።»

«አንዳንድ ጊዜ በተዘዋዋሪ መናገርም…» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ሻይዎን ይጠጡ።»

ጋሼ ጠጡ።

«በናትህ ተንፍስ!» አለ ማርሽ። «እኔ እኮ ከዚህ ይልቅ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ብነሳ ይቀለኛል። ሂጂ በላት ወይ አትሂጂ በላት!»

«ከተሳሳትኩስ?» አለ ጥርስ ሠሪው ለእህቱ።

«ትሳሳታለህ። ተሳስተህማል።»

የተዘጋ የቆርቆሮ ክዳን በጥርሱ የሚከፍት ሰው ይመስል መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ወጣው፣ የወጣውም እንደ ቆሻሻ ውሃ አንዴ ገንፍሎ ነው።

«ከታች ስሠራ» አለ፣ «ከላይ ኮቴሽን እሰማለሁ። ከሥራ ስትገቢ ጫማሽን አውልቀሽ ወደ መኝታ ቤት ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ማድ ቤት። የምትሄጂበትን ሁሉ በጆሮዬ እከተላለሁ። ፈረቃ አድረሽ ቤቱ ጭር ሲል ጥርስ አበላሻለሁ። የፈራሁት ያንን ነው። ደንብ የማወጣውም… እሑድ እነዚህ እንዲመጡ ነው፤ አንቺም እንድትቀመጪ። በር ላይ ያደረግኩሽ አውቄ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች።

«ሂጂ ማለት አይወጣኝም፣ እትዬ። ግን ፍርዱን ሽሬዋለሁ።»

«ፍርድ አይደለም ወንድሜ» አለች ሲስተር። «ሴትየዋን የዋሸሃት ውሸት ነው። ውሸት አይሻርም። ደውልና ንገራት።»

«አሁን?»

«ሌላ አመልካች አለችኝ አላለችህም?»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«እኔ እንጃ። ፈልግ።»

የሥራ ክፍሉን ስልክ ለማምጣት ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ይህን አንዴ ለቁም ነገር ወረደው። ሲመለስ ወይዘሮዋ የደወለችበትን ቁጥር ነክቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ነካው።

«እሑድ ነው፣ ልብስ እያጠበች ይሆናል» አለ ማርሽ። «ወይ ደግሞ ተኝታ። ስማ፣ ካስፈለገ ሚኒባሷን አስነስቼ እወስድሃለሁ። ነዳጅ አላት።»

«በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል» አሉ ጋሼ። «‹ከዚህ ቀደም በስልክ የሰጠሁት ቃል በስህተት፣ በቅን ልቦናና በ…›»

«ጋሼ፣ ጠጠር ጥዬ ነው የወሰንኩት ብሎ ይጻፍ?» አለ ማርሽ።

«እሱን በሌላ አገላለጽ እናስገባዋለን።»

ጥርስ ሠሪው አልሰማቸውም። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይሄዳል፤ በየዙሩ ጆሮው ውስጥ ያ ስልክ ይጮሃል፣ ማንም አያነሳም። ስልኩ ሲነሳ የሚናገረውን ይለማመዳል፦ እኔ ወንድሟ ነኝ፣ ባለፈው ያናገርኩዎት፣ እህቴ አልወሰነችም ነበር፣ የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ እኔም አልነበርኩም። ይህን ሲል ይቆማል፤ ውሸት መሆኑ ይገባዋል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲስተር በዳኛው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። አትረዳውም። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ታውጣው ወይስ ትተወው እሷም አታውቅም፤ ያ ስልክ ካልተነሳ ነገ ጠዋት ወንበሩ የሌላ ሴት ነው።

ማርሽና ጋሼ መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም።

እንግዲህ አንቺ የምታነቢው፣ ወይዘሮ የሆንሽ፣ የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ የሆንሽ፣ በአንድ ቃል «ተወስኗል» ተብለሽ አመስግነሽ የዘጋሽ! አንቺ ካልሆንሽም ምናልባት ከአጠገብሽ ተቀምጣ የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ ስልኳ ሲጮህ ገልብጣ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጥ አንዲት ሴት ትኖር ይሆናል። ሰውየው የማይረባ ነው፤ ይህን እዚህ ያላነበበም በድምፁ ያውቀዋል። የሚልሽም ቅጥ አይኖረውም፤ ይንተባተባል፣ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ስለ ጠጠር ምናምን ያወራል። ይሁን። ወንበሩን ለዚያችኛዋ አመልካች ከመስጠትሽ በፊት፣ እባክሽ አሁን፣ እየጠራ ሳለ፣ ስልኩን አንሺውና ጨርሶ እስኪናገር ድረስ…